ከሥራ ዘመን በኋላ የሚጻፍ ልብ ወለድ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለወልቂጤና ለቡታጅራ አንባብያን

በወልቂጤና በቡታጅራ ከመምህራንና ከመስጊድ ኢማሞች ጋር ስንጨዋወት አንድ ነገር በተለያየ መልክ ሲነሣ እንሰማለን። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ፣ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ፣ ወይም ከመርካቶ ቡታጅራ ሲመላለስ በንግድ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ደብተር ገዝቶ መጻፍ ይጀምራል። የሚጽፈው የሸይኾች ታሪክ ወይም የትውልድ ሐረግ ቢሆን ማንም አይገረምም። ልብ ወለድ መሆኑ ሲታወቅ ግን ወዳጅ ዘመድ ያዝናል። «ዕድሜ ለዒባዳ በሚፈለግበት ሰዓት ደግሞ ተረት?» ይባላል። ጸሐፊውም አፍሮ ደብተሩን ከሳጥን ሥር ያኖረዋል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነገር ነው። ፈትዋ መስጠት የዑለማእ ድርሻ ስለሆነ አንገባበትም፤ የእኛ ሥራ የሥነ ጽሑፍ ሒስ ነው። ረጅምና ልዩ ልዩ የሥራ ዘመን ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ልብ ወለድ ከዚያ ዘመን ምን ያተርፋል? በምንስ ይጎዳል? የሚለውን እንጠይቃለን። ለዚህ በአገራችን ካሉት ምሳሌዎች የጎላው የክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ ስለሆነ ዋናው ንባባችን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ያርፋል። ከእርሱ በፊትና በኋላ ሁለት የጥንት ሙስሊም ጸሐፊዎችን፣ በመጨረሻም የጉራጌን መንደር በልብ ወለድ ያቀረቡትን ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን እናነሣለን። የጎጃም መጽሐፍ፣ ያውም ስለ ደብተራና ስለ ገዳም የሚናገር፣ በእስልምና ጥናት መድረክ ለምን እንደቀረበ የሚጠይቅ አንባቢ ጥቂት ይታገሠን፤ ምክንያታችንን ወደ ታች እናሳያለን።

የቃስ ጥፋትና የልብ ወለድ ጸሐፊ ሥራ

ተቃውሞው መሠረት የለውም አንልም። በእስልምና ታሪክ «ቁሷስ» የተባሉ ተራኪዎች በመስጊድና በገበያ ቆመው ሕዝቡን ሲያስለቅሱ፣ ያልተባለውንም እንደ ሐዲስ ሲያወሩ ዑለማእ ተቆጥተዋል። በ597 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት የባግዳዱ ዓሊም ኢብኑል ጀውዚ ስለ ቁሷስ ራሱን የቻለ ኪታብ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ነገር ግን ቁጣው ምን ላይ እንዳነጣጠረ ልብ ማለት ይገባል። ቃሱ የተወቀሰው የፈጠረውን ወሬ በእርግጥ እንደሆነ፣ አልፎም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደተናገሩት አድርጎ በማቅረቡ ነው። ሰነድ የሌለውን ነገር ሰነድ እንዳለው አስመስሎ ማለፍ አደራን ማጉደል ነው። ልብ ወለድ ግን ማንነቱን ገና ከሽፋኑ ይናገራል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»ን በ1900 ዓ.ም. በሮም ሲያሳትሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ነበር ያወጡት፤ ልብ የወለደው መሆኑን አንባቢ አውቆ ይገዛዋል፣ አውቆም ያነበዋል።

ይህን ልዩነት ከእኛ በፊት ያዩ ሊቃውንት ነበሩ። ከ446 እስከ 516 ዓመተ ሒጅራ የኖሩት የበስራው አል-ሐሪሪ የመንግሥት ሹም ነበሩ፤ በከተማቸው ያለውን ወሬ ለበላይ የማቅረብ ኃላፊነት ነበረባቸው። ከዚህ ሥራ ጋር ነው «መቃማት» የተባለውን የተረክ መድበል የጻፉት። በመቅድሙ ላይ የሚነቅፏቸውን ሰዎች አስቀድመው እያሰቡ ይሟገታሉ፤ ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ያስታውሳሉ፤ እንስሳትን እያናገሩ ምክር የጻፉትን ማንም በውሸት እንዳልከሰሳቸው ያመለክታሉ። ከዚያም ድፍረት የተሞላበት ነገር ያደርጋሉ። ከመድበሉ ተረኮች የመጀመሪያው በሰንዓ የሚሆን ነው። አቡ ዘይድ አስ-ሰሩጂ የተባለው አንደበተ ርቱዕ ሰው ሕዝቡን በተግሣጽ አስለቅሶ ይሄዳል፤ ተከትሎት የሄደው ተራኪ ግን በዋሻ ውስጥ ከጥብስና ከወይን ጠጅ ጋር ያገኘዋል። ይህ መጽሐፍ ለዘመናት በዒልም ቤቶች ለቋንቋ ትምህርት ሲነበብ ኖሯል። አንድን ግብዝ ተግሣጽ ሰጪ ስላሳየ ተግሣጽን ራሱን አዋረደ አልተባለም። ይህን ነጥብ አንባቢ ያዝ ያድርግልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሀዲስ ዓለማየሁ የመጡበት መንገድ

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ። በልጅነታቸው በአገራቸው አድባራት የቤተ ክህነት ትምህርትና ቅኔ ተማሩ፤ ቀጥሎም አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። በጉምሩክ ጸሐፊነትና በመምህርነት ሠሩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከውም ወደ ጣሊያን ተወሰዱና በደሴት እስር ቤቶች ዓመታት አሳለፉ። ከነጻነት በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ ተወካይ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣን፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደንም አምባሳደር ሆኑ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ደራሲው በ56ኛ ዓመታቸው ላይ ነበሩ። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980፣ «ትዝታ» የተባለው የማስታወሻ መጽሐፍም በ1985 ዓ.ም. ተከተሉ። በ1996 ዓ.ም. ሲያርፉ በሕዝብ ዘንድ የሚታወሱት ከሹመታቸው ይልቅ በመጽሐፋቸው ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊዘለል የማይገባ ነገር አለ። ሀዲስ በ56 ዓመታቸው ከባዶ አልተነሡም። በወጣትነታቸው ተውኔት ሞክረዋል፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል። ከሁሉ በፊት የቅኔ ተማሪ ነበሩ፤ ቃልን መመዘን፣ ለአንድ ቃል ሁለት ፍቺ ማዘጋጀት የለመዱት በልጅነት ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የታተመ ሁሉ ዘግይቶ የተጀመረ አይደለም። ከእኛ መካከል በዒልም ቤት ነሕውና ሶርፍ፣ በላጋም የተማረ፣ መንዙማ ሲያወርድ ያደገ ሰው «እኔ ሥነ ጽሑፍ አልተማርኩም» ሲል ስንሰማ የምንገረመው በዚህ ምክንያት ነው።

የሥራ ዘመን ለመጽሐፉ የሰጠው

ሃምሳ ዓመት በዚህ መልክ የኖረ ሰው ልብ ወለድ ሲጽፍ ስለ ጦርነት፣ ስለ እስር፣ ስለ ውጭ አገር ጉባኤ እንደሚጽፍ ይጠበቅ ነበር። ሀዲስ ግን በዋናው ድርሰታቸው የተመለሱት ከሁሉ አስቀድሞ ወደሚያውቁት ዓለም ነው፤ ከቤቱ ወጥቶ በየደብሩ ወደሚማረው ልጅ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ዘግይተው የወለዱት በዛብህ በሕመም ሊሞትባቸው ሲል ከተረፈ ለቤተ ክርስቲያን እንደሚሰጡት ይሳላሉ። ልጁ ይድናል፣ ይማራል፣ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለውን ችግር ሁሉ የሚወልደው ይህ በፍቅር የተደረገ ስለት ነው።

እዚህ ላይ የሥራ ዘመን ትርፍ በግልጽ ይታያል። ከደብሩ ያልወጣ ሰው ቢጽፈው ምናልባት የተማሪውን ኑሮ በናፍቆት ብቻ ይጽፈው ነበር፤ ከደብሩ ተጣልቶ የወጣ ወጣት ቢጽፈው ደግሞ በምሬት ብቻ። ሀዲስ መማርንም ማስተማርንም፣ መታዘዝንም ማዘዝንም፣ መታሰርንም መሾምንም አይተዋል። ስለዚህ አንዱ ነገር ከሌላው እንዴት እንደተሳሰረ ያሳያሉ፤ ስለቱ ከጋብቻ ጋር፣ ጋብቻው ከዘር ቆጠራ ጋር፣ ዘር ቆጠራው ከባላገሩ ግብር ጋር። ፊታውራሪ መሸሻ ጨካኝ ብቻ ሆነው አልተሣሉም፤ የሚያስቁ፣ የሚያሳዝኑ፣ በራሳቸው ክብር የታሰሩ ሰው ናቸው። ከእንደዚህ ዓይነት ሹማምንት ጋር ተቀምጦ የበላና የተነጋገረ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያያቸው።

የስለቱን ነገር ኢማሞች ሲያነቡት ሌላ በር ይከፈታል። በሱረቱ አል-ዒምራን የዒምራን ሚስት በማሕፀኗ ያለውን ለአላህ አገልግሎት ስትሳል፣ መርየምም (ዐ.ሰ.) ስትወለድ እናነባለን። ያ ስለት ከአላህ ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ ነው፤ የልብ ወለዱ ስለት የሰው ፍርሃት የወለደው ነው፤ ሁለቱን ማመሳሰል አይገባም። ሆኖም ስለ ነዝር ለሚያስተምር መምህር ልብ ወለዱ አንድ ጥያቄ ያቀብለዋል፦ ወላጅ በልጁ ስም የገባውን ቃል ልጁ ሲያድግ እንዴት ይሸከመዋል? በእኛም ቤት «ይህ ልጅ ሸይኽ ይሆናል» ተብሎ የተሰጠ ልጅ፣ ወይም «ይህች ልጅ የእገሌ ናት» የተባለች ልጅ አለች። በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ጉዳዩ በጥቂት መስመር ያልቃል። በልብ ወለድ ውስጥ አንድ ሰው ሙሉ ዕድሜውን ሲኖረው ይታያል።

የሥራ ዘመን መጽሐፉን የጎዳው

ጉዳቱንም መደበቅ የለብንም። ጉዱ ካሣ የሚናገርባቸውን ገጾች መምህራን ይወዷቸዋል፤ በክፍልም ያነቧቸዋል። ስለ ልማድ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ገዢና ተገዢ የሚያቀርበው ሐሳብ ጥልቅ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ቦታዎች ታሪኩ ይቆማል። አጠገቡ ያለው ሰው አዳማጭ ብቻ ይሆናል፤ የሚቃወም ቢኖርም ለመረታት የመጣ ይመስላል። በእነዚያ ገጾች የምንሰማው ጥናት ማቅረብ የለመደውን ባለሥልጣን ድምፅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ባነበቡት ጊዜ ድምፃቸው ክብደቱን አቅልሎት ሊሆን ይችላል፤ በዝምታ ለሚያነበው ግን ይከብዳል።

ይሁንና ሀዲስ ለዚህ አደጋ ያዘጋጁት መድኃኒት ከጉዳቱ ይበልጣል ብለን እናምናለን። ያን ሁሉ ሐሳብ ለማን እንደሰጡት እንመልከት። ለንጉሥ፣ ለጳጳስ፣ ለዳኛ አልሰጡትም። አገሩ «ጉዱ» ብሎ ለሰየመው፣ እንደ ዕብድ ለሚቆጥረው ሰው ነው የሰጡት። የትምህርት ሚኒስትር የነበረ፣ ደብዳቤ ፈርሞ ትምህርት ቤት ለማስከፈት የሚችል ሰው፣ የሚያምንበትን ቃል ማንም በማይሰማው ሰው አፍ አኖረው። ጉዱ ካሣ ትክክል ሆኖ ሳለ አንድም ነገር ለማስለወጥ አይችልም፤ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልንም ከሞት አያድናቸውም። ይህን የጻፈው ሥልጣንን ከውስጥ ያየ፣ ትክክለኛ ሐሳብ ብቻውን የት ድረስ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ነው። የሥራ ዘመኑ ለመጽሐፉ ያመጣው ትልቁ ስጦታ ይህ ዕውቀት ነው እንላለን። አንባቢው ፍርዱን ከደራሲው ተቀብሎ አይሄድም፤ ሦስቱን ሰዎች ከቀበረ በኋላ ራሱ ሊፈርድ ይቀመጣል።

የመራኪሹ ሐኪም

ይህ ዕውቀት ለእስልምና ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አለመሆኑን ለማሳየት ወደ አንደሉስ እንሻገር። ኢብን ጡፈይል በአንደሉስ ዋዲ አሽ ተወልደው በግራናዳ በጸሐፊነት ሠሩ፤ ኋላም የሙወሒዶቹ ኸሊፋ የአቡ ያዕቁብ ዩሱፍ ሐኪምና አማካሪ ሆኑ። ኢብን ሩሽድን ከኸሊፋው ጋር ያስተዋወቁት እርሳቸው ናቸው። በ581 ዓመተ ሒጅራ በመራኪሽ ሲያርፉ ስማቸውን ለዘመናት ያኖረላቸው አንድ ትንሽ ድርሰት ትተዋል፤ «ሐይ ኢብን የቅዟን» ይባላል።

ሐይ ሰው በሌለበት ደሴት በሚዳቋ ወተት ያደገ ልጅ ነው። በማስተዋልና በመመርመር ብቻ ደረጃ በደረጃ ፈጣሪውን ወደ ማወቅ ይደርሳል። ከጎረቤት ደሴት ለዒባዳ ብቸኝነትን ፈልጎ የመጣው አብሳል ሲያገኘው፣ የሃይማኖት ሰዎች የተማሩትና ሐይ ብቻውን የደረሰበት ነገር አንድ መሆኑን ሁለቱም ይረዳሉ። አንባቢ ድሉ እዚህ ላይ ያልቃል ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። ኢብን ጡፈይል ግን ሐይን ወደ ሰዎቹ ደሴት ይልኩታል። ሐይ እውነቱን በግልጽ ያስተምራል፤ ሰዎቹ ግን ይሸሹታል። እርሱም የማስተማሪያ መንገዱ ለእነርሱ እንዳልሆነ ተረድቶ፣ በያዙት ሸሪዓ እንዲጸኑ መክሯቸው፣ ከአብሳል ጋር ወደ ደሴቱ ይመለሳል።

የቤተ መንግሥት ሐኪም በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ያየው ነገር ነው ይህ፤ ሕመሙን ማወቅ አንድ ነገር፣ በሽተኛው መድኃኒቱን መቀበሉ ሌላ ነገር ነው። ሀዲስ በጉዱ ካሣ የገለጡትንና ኢብን ጡፈይል በሐይ የገለጡትን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ በሰባት መቶ ሰማንያ ዓመት ገደማ የሚራራቁ ሁለት የመንግሥት ሰዎች ከአንድ ቦታ ደርሰው እናገኛቸዋለን። ሁለቱም ሲያዙና ሲያማክሩ ከኖሩ በኋላ ትእዛዝና ምክር ብቻውን የማይደርስበትን ቦታ በተረክ ሊደርሱበት ሞከሩ። ሁለቱም በተረካቸው ውስጥ የአስተማሪውን አለመሳካት አልሸሸጉም።

ያልተጻፈው የጉራጌ መንደር

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። በጉራጌ ምድር የተወለዱት ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን የጻፉት በቸሃ ነው። የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ፤ አርእስቱ በእኛ ቋንቋ «የሺነጋ መንደር» እንደማለት ነው። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ገደማ በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» በታወቀው የሄይኔማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ታተመ። በአማርኛም «ወጣት ይፍረደው»ንና «ባሻ ቅጣው»ን ጽፈዋል።

«አፈርሳታ» አጥፊው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም ሕዝቡ ሁሉ በአንድነት ተቀምጦ የሚመረመርበት የቀድሞ ሥርዓት ነው። በልብ ወለዱ የአንድ ገበሬ ጎጆ ይቃጠላል፤ መንደሮቹም ይሰበሰባሉ። ደራሲው ይህን ሥርዓት ለታሪካቸው አጥንት ማድረጋቸው ትልቅ ማስተዋል ነው፤ በአንድ መስክ ላይ የተቀመጠውን ሕዝብ በሙሉ ለአንባቢ ያሳያልና። ለእኛ አንባብያን ዋጋው ግን ከዚህም ያልፋል። የእንሰት ማሳውንና ሣር የለበሰውን ጀፎረ፣ ሽማግሌዎቹንና ክርክራቸውን ለልብ ወለድ የሚበቃ ጉዳይ አድርገው በማቅረባቸው መንገድ ከፍተዋል።

ሣህለ ሥላሴ በዚህ ዘመን ወጣት ነበሩ፤ የጻፉትም ከሚያውቁት ቤት ተነሥተው ነው። የሙስሊሙን ጉራጌ ቤት ከውስጥ መጻፍ የእርሳቸው ዕዳ አልነበረም። በዚያው አንጻር የአማርኛ ልብ ወለድ በኩር በሆነው በ«ጦቢያ» ውስጥ ያለው ሙስሊም ንጉሥ በመጨረሻው ክርስትናን የሚቀበል ሰው ሆኖ መቅረቡን በቁጣ አናነሣውም። እያንዳንዱ ጸሐፊ ከራሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያያል። ጥያቄው በእኛ ደጃፍ የቆመው ሰው ለምን አልጻፈም ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወደዚህ መድረክ ያመጣንበት ምክንያትም ይኸው ነው። የቆሎ ተማሪው ኑሮ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሕያው ሆኖ የኖረው አንድ የቀድሞ ተማሪ ከብዙ ሥራ በኋላ ተመልሶ ስለጻፈው ነው። የደረሳው ኑሮስ? ሉሑን ታቅፎ ከንጋት በፊት የሚነሣው ልጅ፣ ዒልም ፍለጋ ከጉራጌ ወሎ ድረስ በእግሩ የሄደው ወጣት፣ ኪታብ በእጁ ገልብጦ የተመለሰው ሸይኽ፣ በአብረት ለዚያራ የሚሰበሰበው ሕዝብ፣ በልጅነቱ አዲስ አበባ ወርዶ በሰው ሱቅ ያደገውና ለዓረፋ በግ ይዞ አገር ቤት የሚገባው ነጋዴ፣ ባሏ በከተማ ሁለተኛ ቤት መሥራቱን በወሬ የሰማችው የቡታጅራ እናት፤ እነዚህን ከውስጥ የሚያውቁ ሰዎች አሁን ስድሳና ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል። የእነርሱን ዘመን ከእነርሱ በኋላ የሚጽፍ ሰው ከሌላ ሰምቶ ነው የሚጽፈው። የሰነድን ክብር ለምናውቅ ሰዎች በዓይን ባየና ከሌላ በሰማ መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳት አያስፈልግም።

ዘግይቶ ለሚጽፍ ሰው

ከላይ ካደረግነው ንባብ ሦስት ነገሮችን ለይተን ለመምህራንና ለኢማሞች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የሚንበር ልማድ ነው። መምህርና ኢማም በሥራቸው ጠባይ ጥያቄ አንሥተው መልሱን ይሰጣሉ፤ ሰሚውን በጥርጣሬ አይሰዱትም። ይህ ለኹጥባ ተገቢ ነው። ወደ ልብ ወለድ ሲገባ ግን ሰዎቹ ሁሉ እንደ ኹጥባ መናገር ይጀምራሉ፤ ኃጢአተኛው በሦስተኛው ገጽ ይቀጣል፤ አንባቢም መጨረሻውን ከመጀመሪያው ያውቀዋል። የጉዱ ካሣን ረጃጅም ንግግሮች ያየ ጸሐፊ ይህ ፈተና ታላላቆችንም እንደሚያገኝ ይረዳል። መድኃኒቱንም ከዚያው ይማራል፤ የሚወደውን ሐሳብ ለደካማው፣ ለማይሰማው ሰው ይስጠው፤ ለተቃዋሚውም በእርግጥ የሚያስቸግር ክርክር ያዘጋጅለት።

ሁለተኛው ስለ ራስ ወገን ያለው እፍረት ነው። በታሪኩ ያለው ኢማም ያለ ነውር፣ ደረሳው ያለ ስንፍና፣ ነጋዴው ያለ ስስት እንዲሆን የሚፈልግ ጸሐፊ አለ፤ ወገኑን የሚጠብቅ ይመስለዋል። አል-ሐሪሪ በመጀመሪያ ተረካቸው ያደረጉትን ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው። እርሳቸው ዲንን የሚያከብሩ ሰው ነበሩ፤ በዲን ስም የሚነግደውን ለማሳየት ግን አላመነቱም። ሀዲስም የተማሩበትን ቤተ ክህነት ከነድካሙ አሳይተዋል፤ ይህን በማድረጋቸው ያ ዓለም በአንባቢ ልብ ውስጥ ሥጋና ደም ያለው ሆኖ ቀረ። እንከን የሌለው ሰው በልብ ወለድ ውስጥ የሚታመን ሰው አይደለም። ካልታመነ ደግሞ መልካምነቱም አያስተምርም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ኢማም ባልና ሚስት ያስታርቃል፤ የውርስ ክርክር ይሰማል፤ ሟች በመጨረሻ ሰዓቱ የነገረውን ይዞ ይኖራል። መምህርም የልጆችን ቤት ምስጢር ያውቃል። ይህ ሁሉ አማና ነው። ስም ለውጦ የጎረቤትን ገመና ማውጣት በልብ ወለድ ስም የሚፈጸም ጊባ ነው፤ በወልቂጤ ስም ቢለወጥም ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። ከላይ የተጠቀሰው የዘመድ ወዳጅ ተቃውሞ እውነት ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ጸሐፊው ከሰማው ነገር የሚወስደው ስሜቱን ነው እንጂ ድርጊቱን አይደለም፤ ያንን ሐዘን ፈጽሞ ሌላ ሰው፣ በሌላ መንደር፣ በሌላ ምክንያት እንዲያዝነው ማድረግ አለበት። ይህን ለማድረግ ያልቻለ ጸሐፊ ታሪኩን ቢተወው ይሻለዋል። ልብ ወለድ «ከልብ የተወለደ» መባሉ እዚህ ላይ ከባድ ግዴታ ይሆናል።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል እንጨምር። ሣህለ ሥላሴ በቸሃ መጀመራቸው በአፍ የሚነገረው ቋንቋችን ታሪክ መሸከም እንደሚችል አሳይቷል። በአማርኛ የሚጽፍ የመስቃን ወይም የቸሃ ሰው ገጸ ባሕርያቱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስቡ ይወቅ። አያት ለልጅ ልጇ የምትናገረውን በጋዜጣ አማርኛ ቢጽፈው አያቲቱ ትጠፋለች። አነጋገሯን በጆሮው ሰምቶ፣ ቅደም ተከተሉንና ትንፋሹን ጠብቆ ቢያመጣው አማርኛውም ይበለጽጋል።

በመጨረሻ ወደ መነሻችን እንመለስ። ዕድሜ ለዒባዳ ይፈለጋል የሚለው ቃል እውነት ነው፤ የምንከራከረውም አይደለም። አላህ በሱረቱ ዩሱፍ የነቢዩን ታሪክ ከመልካም ተረኮች ሁሉ የበለጠ አድርጎ ሲያወሳው፣ ሰው በታሪክ እንደሚማር እንረዳለን፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለዑለማእ እንተዋለን። እኛ እንደ ሒስ ጸሐፊዎች የምናውቀው በየሳጥኑ ሥር ያሉት ደብተሮች እስካልተነበቡ ድረስ ደካማውን ከብርቱው ለመለየት እንደማይቻል ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ያሉ የትምህርት ቤት የአማርኛ መምህራን እነዚህን ደብተሮች እየተቀበሉ ቢያነቡ፣ ከኢማሞችም ጋር ሆነው አማናው የተጠበቀ መሆኑን ቢመረምሩ፣ የቀረውን ያለ ርኅራኄ ቢነቅፉ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ሁለተኛውን ልብ ወለዳቸውን በ72፣ ሦስተኛውን በ78 ዓመታቸው አሳትመዋል። በስድሳ ዓመቱ የሚጀምር የቡታጅራ መምህር ጊዜ የለኝም ለማለት ገና ነው።